የወይራው ግራ ቅርንጫፍ

ካሳይ ክራቫቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ግቢ ወጣና ሳህኑን በጣት ስፋት ወደ ቀኝ አዞረው። ሳህኑ ላይ የተተከለው ወይራ ቁመቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም፤ ግንዱ ግን ተቋጥሮና ተሰነጣጥቆ፣ ቅርፊቱም ሸብቶ፣ መቶ ዓመት የቆመ የደብር ዛፍ ይመስላል። ይህን ሁሉ እርጅና የሚያለብሰው ግራ ቅርንጫፉ ነው። ረዘም ብሎ፣ ሸክም እንደከበደው ሁሉ ወደ መሬት ያዘነብላል። ካሳይ ያንን ዝንባሌ ለማምጣት የመዳብ ሽቦ ሲጠመጥም፣ ሲፈታ፣ መልሶ ሲጠመጥም አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል። ዛሬ ወይራውን ከጓሮ አምጥቶ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ያስቀመጠው፣ የሚገባው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይህን ቅርንጫፍ እንዲያይ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ዛፉን ሊጠይቁ ነው እንዴ?» አለች ሚስቱ ለተገብርኤል በመስኮት ብቅ ብላ። «ወደ ጓሮ መልሰው። በር ላይ የተቀመጠ ነገር እጅ ይበዛበታል።»

«ይዩት፤ የማን ቤት እንደመጡ ይወቁ» አለ ካሳይ።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ልጃቸውን አርያምን ለሚልዮን ለመጠየቅ ነው። ካሳይ ሚልዮንን አይጠላውም። እንዲያውም ይወደዋል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራም አለው፣ ግን ሥራው ሐዋሳ ነው፤ አርያምም ተከትላው ልትሄድ ነው። ስለዚህ ካሳይ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ ቆርጧል። እምቢ አይልም፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። «ከዘመድ እንማከርበት፤ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ» ይላል። ገና ጥቅምት ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሌላ ምክንያት አይጠፋም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ብለው የለም እንዴ አባቶች!

ቀስ ማለትን የተማረው ጃፓን ነው። ያኔ የካርታ ነዳፊ ሳለ መሥሪያ ቤቱ ለስድስት ወር ሥልጠና ልኮት፣ ጓደኞቹ ቴፕና ቴሌቪዥን ተሸክመው ሲመለሱ እሱ አንድ መቀስና አንድ ጥቅል ሽቦ ይዞ ቦሌ ወረደ። ካዛንቺስ ለወራት ሳቀችበት። «ጃፓን ድረስ ሄዶ ዛፍ ማቀጨጭ ተምሮ መጣ!» አሉት። እሱ ግን እዚያ ያገኘውን አሮጌ አትክልተኛ አልረሳም። ሰውዬው የሚከረክመውን ጥድ የተከሉት አያቱ ነበሩ። «መቼ ያልቃል?» ብሎ በአስተርጓሚ ቢጠይቀው፣ አትክልተኛው እስኪያስለው ድረስ ሳቀና «የልጅ ልጄን ጠይቀው» አለው። ካሳይ አገሩ እንደገባ ከእንጦጦ ሥር፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ፍየል የጋጠውን ይህን ወይራ ነቅሎ አመጣ። ይኸው ሃያ ሦስት ዓመቱ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከመጽሔት የተቆረጡ ፎቶዎች አሉ፤ የጃፓን ጥድ፣ የሕንድ ዋርካ፣ የጣልያን ወይራ፣ ሁሉም በሳህን ላይ። በጣልያኑ ወይራ በኩል ባለፈ ቁጥር «የእኛው ምን ያንሰዋል?» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሽማግሌዎቹን ያመጣችው ሰማያዊ ላዳ በር ላይ ስትቆም ካሳይ ክራቫቱን አልጨረሰም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ አስሮ ስለማያውቅ ጣቶቹ ቋጠሮውን ረስተውታል። መኝታ ቤት መስተዋት ፊት እየታገለ፣ ለተገብርኤል እንግዶቹን በር ላይ ስትቀበል፣ «ደህና ዋላችሁ፣ እንደምን ናችሁ» ሲባባሉ ይሰማል። ከዚያ ለተገብርኤል ወደ ውስጥ ገባች፤ ሽማግሌዎቹም እስኪጠሩ ግቢው ውስጥ ጠበቁ። አንድ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ክራቫቱ እምቢ ሲለው ጠቅልሎ ኪሱ ከተተውና ወደ ሳሎን ወጣ። ሦስቱም ገብተው ቆመዋል። የሚልዮን አያት ወንድም አቶ ወልደአረጋይ መሃል ናቸው፤ ሰማንያ ያለፋቸው፣ የቄራ ነዋሪ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ። በቀኛቸው የሚልዮን የሥራ አለቃ አቶ በድሉ፣ በግራቸው የቤተሰባቸው ንስሐ አባት የሆኑ ቄስ ቆመዋል።

«ቤት ለእንግዳ፤ ተቀመጡ እንጂ» አለ ካሳይ።

«የለም፤ ወግ አለው» አሉ አቶ ወልደአረጋይ። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል። እግራችን ቢዝልም መልሱን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

ካሳይ ግን ንግግሩን አልሰማውም። ዓይኑ የሽማግሌው እጅ ላይ ቀርቷል። በሁለት ጣታቸው መሃል አንዲት መፋቂያ ይዘዋል። ጫፏ ታኝኮ ብሩሽ ሆኗል፤ በሌላው ጫፏ ሁለት ደቃቅ ቅጠሎች ገና ተንጠልጥለዋል። ልጧ ላይ ሽቦ የተጠመጠመበት ጠባሳ እንደ ቡሽ መፍቻ ይዞራል።

«አንድ ጊዜ» አለና ወጣ።

በርጩማው ላይ ያለው ወይራ ግራ ጎኑ ባዶ ነው። ቅርንጫፉ ከነበረበት ቦታ ነጭ ቁስል አፍጥጧል። ካሳይ በርጩማውን ይዞ ቆመ። ከዚያ በጓሮ ዞሮ ማዕድ ቤት ገባ።

«በላው!» አለ በሹክሹክታ፣ ፊቱ ደም መስሎ። «በአሥራ አንድ ዓመት ልፋቴ ጥርሱን ፋቀበት!»

«ማን?» አለች ለተገብርኤል።

«ሽማግሌው ነዋ! ያቺን ቅርንጫፌን ሰብሮ መፋቂያ አደረጋት! ሂጂና ንገሪያቸው፤ ከዚህ ቤት ልጅ የለም በያቸው!»

ለተገብርኤል አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ሳቅ ነው ድንጋጤ አልለየለትም። ማዕድ ቤቱ ጥግ ተቀምጣ የነበረችው አርያም ግን ወንበሯን ገፍታ ተነሣችና በመስኮቱ በኩል ወይራውን አየች። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ እየተመላለሰች ውኃ ያጠጣችው ዛፍ ነው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አባዬ፣ እኔም አዝኛለሁ፣ በእውነት» አለች። «ግን ማለቴ… ለአንድ መፋቂያ ስትል ሚልዮንን ልትመልሰው ነው?»

«ለመፋቂያ አይደለም!»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

ካሳይ አፉን ከፈተ። ስለ ዘመድ ምክር፣ ስለ ፋሲካ፣ ስለ ጅቡ ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት።

«ሐዋሳ ሩቅ ነው» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ተሰበረ፤ አፈረበትም።

አርያም ጠጋ ብላ ከኪሱ የተንጠለጠለውን ክራቫት ሳበችና አንገቱ ላይ ታስርለት ጀመር። ለተገብርኤል ግን ሳቋን ጨርሳ ነበር።

«ስማኝ ካሳይ። ሃያ ሦስት ዓመት በሽቦህ አልመጣሁብህም፤ ቤቱ ሁሉ አፈርና ሳህን ሲሆን ችዬሃለሁ። ልጄን ግን ሳህን ላይ አልተከልኳትም። ሂድና ለሰዎቹ የሚባለውን በል፤ ሽማግሌው እኮ ቆመዋል።»

እውነትም ቆመዋል። ካሳይ ሲመለስ የአቶ ወልደአረጋይ ጉልበት በጋቢው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። አቶ በድሉ ክንዳቸውን ቢይዟቸው ሽማግሌው እጃቸውን አስለቀቁ። ካሳይ ሲገባ ጨዋታ ለመጀመር ያህል ፈገግ አሉ።

«ወይራዎ ደግ ዘር ነው፣ አቶ ካሳይ። ጠዋት ቄራ ጥሬ ሥጋ ቀምሰን ነበር፤ ጥርሴ ውስጥ ቀርቶ ለልጃችን አፌን ሞልቼ መናገር አላስችል አለኝ። ደግነቱ በርዎ ላይ ችግኝ አገኘሁ። ግን ውኃ አንሶት ነው መሰለኝ ቀጭጯል። አንድ ቅርንጫፍ ቀነስኩለት፤ አሁን ቶሎ ያድግልዎታል።»

የንስሐ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ በድሉ ግን ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች ሲያዩ ቆይተው ነበርና ቀለማቸው ተለወጠ። ጥዱን አዩ፣ ዋርካውን አዩ፣ ከዚያ የሽማግሌውን እጅ አዩ።

«አባባ…» አሉ ቀስ ብለው። «ማለቴ፣ ይሄ ችግኝ አይደለም መሰለኝ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው» አለ ካሳይ። «እንዳያድግ ያሳደግኩት ነው።»

አቶ ወልደአረጋይ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ በመስኮቱ ወደ በርጩማው አዩ፤ ግድግዳውን አዩ፤ መፋቂያዋን አዩ። ሲገባቸው ፊታቸው እንደ ሕፃን ተጨማደደ። መፋቂያዋን በሁለት እጃቸው አድርገው፣ ጠረጴዛው ላይ እንደ ዕንቁ አስቀመጧት።

«ወይ ጉዴ! ወይ የእኔ ነገር!» አሉ። «በሰማንያ ሁለት ዓመቴ የሰው ልፋት ልብላ?» ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ወደ ወገባቸው አወረዱ፤ በድሉም ቄሱም ሳይዟቸው በፊት አንድ ጉልበታቸው ወለሉን ነካ። «ልጄ ካሳይ፣ ስማኝ። አንድ ነገር ልለምን መጥቼ ሁለት ሆነብኝ። ሁለቱንም ስጠኝ አልልህም፤ ይበዛል። ልጅቷን ስጠንና እኔን አትማረኝ። ቂሙን እኔ ይዤው ልሙት።»

ካሳይ ወደ ወለሉ አየ። የሰማንያ ሁለት ዓመት ጉልበት ወለሉ ላይ፣ በእሱ ምክንያት! ቁጣውን ፈለገው፤ እንደ ክራቫቱ ቋጠሮ ጠፋበት። በምትኩ አንድ ሳቅ ከሆዱ ተነሣ። ሊውጠው ሞከረ፣ አልቻለም። ጎንበስ ብሎ ሽማግሌውን በብብታቸው ይዞ አነሣ፣ እንባውና ሳቁ ተቀላቅለው።

«ሥጋውስ ወጣልዎት?» አለ።

«ንጽት አርጎ!» አሉ አቶ ወልደአረጋይ፣ በፍርሃት።

«እንግዲያው ይቀመጡ አባቴ። ሁላችሁም ተቀመጡ። ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ።»

ከማዕድ ቤት የለተገብርኤል እልልታ በረንዳውን አልፎ ጎረቤት ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ አቶ ወልደአረጋይ የተቀመጡት በመውደቅ ነው ማለት ይቻላል። ጠጅ ቀረበ፣ ተመረቀ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ካሳይ ግን አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ሹልክ ብሎ ወጣ። የዛፉ ቁስል ሳይደርቅ መታሸግ ነበረበት።

የሻማ ሰም አቅልጦ በጣቱ ቀባው። ከዚያ ወደ ኋላ ቆሞ አየው። ዛፍ በሳህን ሲተከል ፊት አለው፤ ሰው ከዚያ በኩል ነው የሚያየው። ይህ ወይራ ሃያ ሦስት ዓመት የነበረው ፊት ዛሬ የለም። ካሳይ ሳህኑን በቀስታ ማዞር ጀመረ። ሩብ አዞረው፤ አይሆንም። ትንሽ ጨመረ።

«እዚያ ጋ!» አለች አርያም ከኋላው። መቼ እንደመጣች አላያትም።

«የለም፣ ትንሽ ወደ እኔ» አሉ አቶ ወልደአረጋይ በመስኮት፣ ብርጭቋቸውን እንደያዙ፣ ያንን ኃጢአት ከሠሩ ወዲህ ሙሉ ባለሙያ ሆነው።

«እርስዎ ደግሞ!» አለ ካሳይ፣ ግን ትንሽ ወደ እሳቸው አዞረው። ከዚህ በኩል የዛፉ አናት ወደ አንድ ወገን ዘምሞ ነፋስ የያዘው ይመስላል። ካሳይ አጎንብሶ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ጠርዝ እኩል አድርጎ፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«አርያም» አለ ቀና ሳይል።

«አቤት አባዬ።»

«ሐዋሳ ወይራ ይበቅላል እንዴ?»