ፍሬቻ ሲበራ የሚሞቀው ሞተር

ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ሞተር ፈልቶበት መንገድ ዳር እንዳልቆመ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ሲናገር ኖሯል። ጡረታ ከወጣ በኋላ ግን በገዛ አሮጌ ፒክአፓችን፣ ከቤታችን እስከ ጨርቅ መደብሩ ባለችው አጭር መንገድ፣ በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተሩን ሙቀት የምታሳየው ቀስት መሃል ላይ ጭምት ሆና ትቆይና ድንገት ብድግ ብላ ቀዩን ትነካለች። እሱ ክው ይላል። ጥግ ይይዛል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል። እንፋሎት የለም፤ የፈሰሰ ውሃ የለም፤ የተቃጠለ ነገር አይሸትም። ሩብ ሰዓት ጠብቀን ስናስነሳት ቀስቷ “እኔ ምን አደረግኩ?” የምትል ይመስል ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅበት ነበር። ያኔ ግን ልጃችን ከወለደች አሥር ቀን ሆኗታል። የመጀመሪያው የልጅ ልጃችን ከተራራው ማዶ፣ የአራት ሰዓት መንገድ ርቆ ተኝቷል፤ ከመንገዱ ግማሹ አቀበት ነው። አባቱ ሳይሆን አያቱ በገዛ እጁ አልጋ ሠርቶለታል። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝና ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን፣ መጋረጃውን ሰፍቼ ጨርሻለሁ። ሁሉም ሳሎን ውስጥ ተደርድሮ እኛን ይጠብቃል።

“በአውቶቡስ እንሂድ” አልኩት።

“እኔ? ተሳፋሪ?” አለ፤ ልክ እንደሰደብኩት። “ደግሞስ አልጋውን በጭንቅላትሽ ልትሸከሚው ነው?”

ስለዚህ ጥገናውን ተያያዘው። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ቀየረ። “አለቀ!” አለ። በማግስቱ ቀስቷ ተነሳች። ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተውን ዕቃ ቀየረ። “አሁንስ ለይቶላታል!” አለ። ተነሳች። ሞተሩ ላይ ሆኖ ሙቀቱን ለቀስቷ የሚነግራትን ዕቃ ቀየረ። በዚህኛው ጊዜ እጁን ጠርጎ ብቻ ገባ፤ እሷ ግን ተነሳች።

ልጃችን በስልክ፣ “እማዬ፣ ልጁ ጢም ሳያበቅል ብትደርሱ ደስ ይለኛል” አለችኝ። ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ያቺን ትንሽ ብርድ ልብስ አውጥቼ እንደገና አጠፍኳት።

አራተኛው ቀን ከጨርቅ መደብሩ ስንመለስ እጄ ላይ ሥራ አልነበረም። ሥራ ሲጠፋ ዓይኔ የሆነ ነገር ላይ መተከል ይወዳልና ያቺን ቀስት አፍጥጬ አየሁ። ወደ ሰፈራችን ለመታጠፍ ፍሬቻ አሳየ። ፍሬቻው ጧ፣ ጧ፣ ጧ ሲል ቀስቷም እኩል ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል ትላለች። ዕድሜዬን ሙሉ የስፌት መኪና መርፌ ሲዘል ያየሁ ሰው ነኝ፤ ምት አይጠፋኝም። ባለቤቴ እንደ ጥሩ ሾፌር ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። መታጠፉን ሳይጨርስ ዝቅ ብሎ ሲያያት ቀዩ ጋ ደርሳ አገኛት። ደንግጦ ጥግ ለመያዝ እንደገና ፍሬቻ ሲያሳይ ጭራሽ ባሰባት።

“አንተ፣ ይህቺ ቀስት እኮ የምትዘለው ከፍሬቻው ጋር ነው።”

“ፍሬቻ መብራት ነው። ሙቀት ሙቀት ነው። ምን አገናኛቸው?” አለና ኮፈኑን ሊከፍት ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት ግን እሱ ጢሙን ሊላጭ ሲገባ ቁልፉን ከሱሪው ኪስ አውጥቼ ወደ ግቢ ወጣሁ። መኪናዋ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ቆማለች። ሞተሩን በእጄ ነካሁት፤ እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቅዟል። ገባሁና ቁልፉን የዳሽቦርዱ መብራት እስኪበራ ብቻ አዞርኩት፤ ሞተሩን አላስነሳሁም። ቀስቷ ከታች ተጋድማለች። ፍሬቻውን አበራሁት። ብድግ! የፊት መብራቱን ጨመርኩ። ቀዩ ጋ ለመድረስ ጣት የማትሞላ ስትቀራት ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅኩ።

ከነግማሽ አረፋው ጎትቼ አወጣሁት።

“ምን ተፈጠረ? ሌባ ነው?”

“ሞተሩን ንካው።”

ነካው። “በረዶ ነው። እና?”

“አሁን ግባና ቀስቷን እያት።”

ገብቶ አያት። ፍሬቻውን አጠፋው፤ ወረደች። አበራው፤ ዘለለች። እንደገና አጠፋው። አረፋው ከአገጩ ወርዶ ጉልበቱ ላይ ጠብ አለ። ጠረገውና ቀስ ብሎ፣ “ወንድምሽን ጥሪው” አለ።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ታናሽ ወንድሜ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሠራተኞችን “ከሽቦ ጋር የሚጣሉ ሥራ ፈቶች” እያለ ነው የሚጠራቸው። ወንድሜም ይህን ስለሚያውቅ በሩን የገባው ጥርሱ በሙሉ እየታየ ነበር።

“ጋሼ፣ ሞተር ፈላብህ ሲሉኝ አላመንኩም።”

“ወሬህን ትተህ ሥራ!”

ያየሁትን ነገርኩት። ራሱም ሞከረው። ከዚያ አንድ ረጅም ሽቦ አወጣና አንዱን ጫፍ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ሌላውን ጫፍ ከመኪናዋ ንጹሕ ብረት ጋር አገናኘ። “እትዬ፣ አሁን አብሪው” አለኝ። አበራሁት። ፍሬቻው ጧ፣ ጧ ይላል፤ ቀስቷ ንቅንቅ አላለችም።

“ሞተሯ ጤነኛ ነው። የታመመው ማሳዋ ነው” አለ።

“ማሳ? መኪና ውስጥ ምን እርሻ አለ?”

ሁለቱም ሳቁብኝ፤ ግን ወንድሜ አስረዳኝ። “ኤሌክትሪክ እንደ ሰው ነው እትዬ። ከባትሪው ይወጣል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ መግባት አለበት። የሚመለስበትን ሽቦ ነው እኛ ማሳ የምንለው፤ ከመኪናዋ ብረት ጋር ጠብቆ መታሰር አለበት። እሱ ከላላ የፍሬቻው ኤሌክትሪክ መመለሻ ሲያጣ በጎረቤት አጥር ይሾልካል። ጎረቤቷ ደግሞ ቀስቷ ናት።”

“ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ” አልኩና ባለቤቴን አየሁት። እሱ ግን ስለ አየሩ ሁኔታ በጣም ያሰበ ይመስል ሰማይ ሰማይ ያያል።

ወንድሜ ካቻቢቴውን ይዞ ዳሽቦርዱን መፍታት ጀመረ። ጭንቅላቱን አስገብቶ ጥቂት ቆየና ከውስጥ ድምፁ መጣ። “ጋሼ፣ ይሄን ሽቦ ማን ነው የነካው? ብሎን የለውም እኮ። በክር ነው የታሰረው!”

“በክር?”

“በቀይ ክር።”

አጎንብሼ አየሁ። ክሩን የትም ባየው አውቀዋለሁ። ቦርሳ የምሰፋበት ወፍራሙ ቀይ ክሬ ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ፈልጌ ያጣሁት።

“አንተ!” አልኩት።

ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። “ሬዲዮኑን የገጠምኩ ጊዜ ነው” አለ። “አንዱ ብሎን ወድቆ ጠፋብኝ። ለጊዜው ብዬ ነበር።”

“ለጊዜው!” አለ ወንድሜ ከዳሽቦርዱ ውስጥ፤ ሳቁ ከዚያ ሲወጣ የበርሜል ውስጥ ሳቅ ይመስላል። እኔ መኪናዋን ተደግፌ ዕንባዬን እጠርጋለሁ። ባለቤቴ ፊቱን አኮሳትሮ ትንሽ ታገለና ድንገት ጣቱን ወደ ሰማይ አነሳ።

“ቆይ! ሞተሩ አልፈላም ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት አልፈላብኝም፣ ዛሬም አልፈላብኝም!” አለና ከእኛ ሁሉ በላይ ሳቀ። ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ እንደጎፈረ ነው።

ወንድሜ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ብረቱን አጸዳ፤ ሽቦውን ደህና ብሎን አስገብቶ አጠበቀው። ሲጨርስ ግን ቀልዱን ትቶ፣ “ጋሼ፣ ከዛሬ በኋላ ተነስታ ካየሃት እውነቷን ነው። እንዳትንቃት” አለው። ባለቤቴም ትከሻውን መታ መታ አደረገውና፣ “ሻይ ሳትጠጣ አትሄድም” አለ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

በማግስቱ አልጋውን ጭነን ወጣን። አቀበቱ ላይ ቀስቷ ትንሽ ከፍ አለች፤ የሚያደክም ነገር ነውና ይገባታል። ከዚያ እዚያው ረጋች። ባለቤቴ ግን አላመናትም። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሆኖ ሊፈትናት ፍሬቻ ያበራል። ከኋላችን ያለው ጭነት መኪና የምንታጠፍ መስሎት አሥር ጊዜ ጡሩምባ ነፋብን።

“ተው፣ ሰውየው ሊመታን ነው!”

“ዝም ብዬ ሰላም ልበላት ብዬ ነው” አለ።

ከሰዓት በኋላ ደረስን። አማቻችን በሩን ከፈተልን፤ ትከሻው ላይ ፎጣ፣ በአንድ ክንዱ ሕፃኑ፣ አፉ ላይ ጣቱ። ልጁ ተኝቷል። ልጄን አቅፌ ሳልጠግባት ባለቤቴ በጫማው ጫፍ እየተራመደ አልፎን ገባ። ልጁን ከአማቻችን እጅ ተቀብሎ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አልጋውን እኔና አማቻችን አወረድን፤ ፍራሹን አነጠፍኩ፤ መጋረጃውን ሰቀልኩ። እሱ አልተነቃነቀም። ሁለት ሰዓት ሲሞላው ጠጋ ብዬ፣

“ክንድህ አልደነዘዘም?” አልኩት በሹክሹክታ።

“ደንዝዟል” አለኝ፣ ዓይኑን ከልጁ ሳይነቅል። “አትንኪኝ።”