አባዬ ሲግደረደር

አባዬ በአንድ «ኧረ ተዉ!» ክረምቴን አስበላኝ። እስቲ አሁን ይኼ ለማን ይወራል?

የፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሌዘር የአየር ብክለት የሚለካ አንድ ላብራቶሪ አለ፤ በየክረምቱ ከእኛ ትምህርት ክፍል አንድ ተማሪ ይወስዳል። ሁለት ወር ሙሉ እዚያው እያደሩ ከተመራማሪዎች ጋር መሥራት ነው። የሚወስዱት ሦስተኛ ዓመት የጨረሰ ብቻ ስለሆነ ለከርሞ የሚባል ነገር የለም። እኔ ደግሞ እስካሁን ሌዘር ያየሁት በስላይድ ነው። ዓመቱን ሙሉ ዓይኔ እስኪፈዝ ያጠናሁት ለዚህች ቦታ ነበር፤ አንደኛም ወጣሁ።

መራጩ መምህራችን ዶክተር ሰይፈሥላሴ ናቸው። የሚኖሩት ሳንሱሲ ነው፣ ከአባዬ ጋር የአንድ ማኅበር ጽዋ ይጠጣሉ። መመረጤን ሊነግሩኝ ሲደውሉ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ዝግ ነበር። በማግስቱ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ አባዬን አገኙት። «አቶ ባምላኩ፣ ሄቨንን ለክረምቱ ምርምር መርጫታለሁ፣ ምን ይላሉ?» አሉት።

አባዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኧረ ተዉ ዶክተር! እሷ ምኗ ተይዞ! ለሚገባው ልጅ ይስጡልኝ።»

ይህን እራት ላይ ሲያወራልኝ ደረቱን ነፍቶ ነው።

«እሳቸውስ ምን አሉ?» አልኩት።

«‹እሺ እንግዲህ› ብለው ታክሲ ውስጥ ገቡ።» ፊቱ ትንሽ ተለወጠ። «እኔማ ደግመው ይለምኑኛል ብዬ ነው!»

«አባዬ! ምሳ ነው እንዴ የምትግደረደርበት?» ጮኽኩበት። የተግደረደረ ጦሙን አደረ ይባላል። የእኛ ቤት ጉድ ግን ይለያል፤ የሚግደረደረው እሱ፣ ጦሟን የምታድረው እኔ!

በማግስቱ ቦታው ለክፍል ጓደኛዬ ለአምሐ መሰጠቱን ከራሱ ከአምሐ ሰማሁ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ በእሱ አልፈርድም። ግን ሁለተኛ ነው የወጣው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባዬን ከሰፈራችን ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ደጅ ይዤ በቀጥታ ሳንሱሲ። «በአፍህ እንዳበላሸኸው በአፍህ ታስተካክለዋለህ» ብዬዋለሁ። የዶክተሩ ባለቤት እትዬ ፅዮን ገና ከመቀመጣችን ማዕድ አቀረቡ።

«ኧረ በልተን ነው የመጣነው» አለ አባዬ። ውሸቱን ነው! ውኃ እንኳ አልቀመስንም።

«በሞቴ!» አሉ እትዬ ፅዮን።

«በእውነት ጠግበናል።»

«አፈር ስሆን፣ ትንሽ ይቅመሱ!» ዶክተሩም «ኧረ ቀረብ ይበሉ» እያሉ ክንዱን ጎተቱት። በስንት ልመና አባዬ እጁን ታጠበ።

ደሜ ፈላ። ልናገር ብዬም አልነበረም፣ ከአፌ አመለጠኝ።

«ዶክተር፣ ለሽሮ እንዲህ ለመናችሁት። የእኔን ዕድል ግን አንዴ ‹ተዉ› ስላለ ‹እሺ› ብለው ሄዱ?»

«አንቺ ልጅ!» አለ አባዬ።

ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሄቨን፣ ሴት ልጅ ሁለት ወር ከቤት ውጭ ስታድር አባትሽን አሳስቦት መስሎኝ ነው እኮ።»

«ታዲያ የአምሐንስ አባት ጠየቁ?»

«አምሐን... አምሐን ራሱን ነው የጠየቅኩት።»

«እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም? አንደኛ የወጣው አባዬ ነው እንዴ?»

እትዬ ፅዮን ባላቸውን ገላመጡና «እውነቷን ነው። በል አሁኑኑ ደውልላት» አሉ። ዶክተሩ ለላብራቶሪው ኃላፊ ለዶክተር ዓለም ደወሉ፤ ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑን ሳይሸሽጉ ነገሯቸው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ።

«የአምሐን ቦታ አልነካም» አሉ ዶክተር ዓለም። «ሁለተኛ ተማሪ መጨመር እችላለሁ፤ ማደሪያ ግን የለኝም። በዚህ ዝናብ በየቀኑ ከቀራንዮ ከተማውን አቋርጠሽ መመላለስ ነው። የታክሲውን ሰልፍ ታውቂዋለሽ። ትመጫለሽ?»

አምሐ ከአልጋው ወርዶ ላብራቶሪ ሊገባ፣ እኔ አንደኛዋ ጭቃ ለጭቃ ስጋፋ ልከርም! አናደደኝ፤ አሁንም ያናድደኛል።

«ኧረ እንዳናስቸግርዎት...» ብሎ አባዬ አፉን ሲከፍት እትዬ ፅዮን ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱት።

«እመጣለሁ!» አልኩ፣ ማንም ሳይለምነኝ።