ማሞቂያ ሥር ያደሩ ኪዩቦች

ምራቴን መጀመሪያ ያየኋት ዕለት አልወደድኳትም። ለራሷም ነግሬያታለሁና ሐሜት አይደለም። ልጄ ሊያስተዋውቀኝ ሲያመጣት ፀጉሯ ውስጥ ሁለት እርሳስ ሰክታ ነበር። «ይቺ ቤት ልታስተዳድር ነው ወይስ ልትለካ?» አልኩት። «ድልድይ ነው የምትነድፈው» አለኝ። «የድልድይ ሠሪማ ወንዝ ሲሞላ ይታያል» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት።

ያኔ እኔ የድልድይ ቢም፣ ድልድዩን የሚሸከመው የኮንክሪት አግዳሚ፣ በሚመረትበት ግቢ ውኃ አጠጪ ከሆንኩ ስምንት ዓመቴ ነበር። ኮንክሪት ተክል ነው ወይ ብላችሁ የምትስቁ ሳቁ። ውኃ ካላገኘ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። እርጥብ ጆንያ አልብሼ፣ በቀን ሦስቴ አጠጥቼ፣ አንድም ቢም በእጄ አልተበላሸም። ኪዩቦቹንም የምጠብቀው እኔ ነኝ። ኪዩብ ማለት ቢሙ ሲሞላ ከዚያው ኮንክሪት በትንንሽ ሳጥን የሚወሰድ ናሙና ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ ይጨፈለቅና ጥንካሬው በቁጥር ይነገራል። «የእትዬ ኪዩብ ወድቆ አያውቅም» ይባላል። የሚለው ሰው ሲጠፋ እኔው እለዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ምራቴ እዚያው ግቢ ተመደበች። ሠላሳ ሜትር የሚረዝም የድልድይ ቢም ራሷ ነድፋ አመጣች፤ የመጀመሪያዋ ነው። ነገሩን ስታስረዳኝ ቶሎ ገባኝ። ጣት የሚያካክሉ የብረት ገመዶች ከዳር እስከ ዳር ይወጠራሉ፤ ኮንክሪቱ በላያቸው ይሞላል፤ ሲጠና ገመዶቹ ጫፍና ጫፋቸው ላይ ይቆረጣሉ። የተወጠረ ነገር ሲለቁት መሰብሰብ ይወዳል። ኮንክሪቱ ግን ጨብጦ ይዟቸዋልና እሱኑ ጨምቀው ወገቡን ወደ ላይ ያነሱታል። ሸክም ሳይመጣበት ለሸክም ይዘጋጃል ማለት ነው። ሳይጠና ከተቆረጠ ግን ገመዱ ይንሸራተታል፣ ቢሙም ይሰነጠቃል። ራስ ሳይጠና ጉተና ይሉት ይኸው ነው።

ሥራ አስኪያጁ፣ እኛ ጥድፊያ የምንለው፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ይሄ ቢም ከተሰነጠቀ ንድፉን ለሌላ መሐንዲስ እሰጠዋለሁ» አላት። እሷ እርሳሷን ከፀጉሯ መዝዛ ሥራዋን ቀጠለች። እኔን ግን አንገበገበኝ። ባልወዳትም የልጄ ሚስት ናት፤ ብሰድባት እኔ ልስደባት እንጂ እሱ ምን አግብቶት!

ቢሙ የተሞላው ብርድ በገባበት ሳምንት ነው። ምራቴ ኪዩቦቹን ስታስረክበኝ «እማማ፣ ቢሙ ጎን ይቀመጡልኝ። ቢሙ እንደሚሆነው ይሁኑ» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሷ ስትሄድ ብነካቸው በረዶ ሆነዋል። ቢሙስ ትልቅ ነው፣ ይችለዋል፤ እነዚህ ምስኪኖች ምን በወጣቸው? በጆንያ ጠቅልዬ የጥበቃው ክፍል ውስጥ ማሞቂያ ሥር አሳደርኳቸው። ሁለት ሌሊት። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ እመልሳቸዋለሁ፤ ምስጋናውን አልፈለግኩትም።

በሦስተኛው ቀን ውጤት መጣ። ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ሠላሳ አምስት ነበር፤ የእኔ ኪዩቦች ሠላሳ ስምንት ሰጡ። ጥድፊያ እጁን አፋተገ። «ክሬኑ ነገ ይመጣል፤ ቁረጡ!» ቆራጩ እሳቱን ለኮሰ። እኔ ጆንያዬን ታቅፌ እንደ ሙሽራ እናት እንቀባረራለሁ።

ፎርማኑ ግን «በዚህ ብርድ ሠላሳ ስምንት አይበዛም?» አለ።

«እኔም ገርሞኛል» አለች ምራቴ። «ግን ኪዩቡ የቢሙ ምስክር ነው፤ ቢሙ የቀመሰውን ብርድ አብሮ ቀምሷል።»

ለካ ኮንክሪት ሲሞቀው ቶሎ ይጠናል፤ ብርድ ላይ ያደረው ቢም ግን ገና ነው። የሐሰት ምስክር አሠልጥኜ የላክሁ እኔ ነኝ! ዝም ብል ማን ያውቃል? ጥበቃው ብቻ፤ እሱም እንቅልፋም ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የገነባሁት ስም አለኝ። ቆራጩ ወደ ገመዱ ጎንበስ አለ።

«አቁም!» አልኩ።

«እትዬ፣ ውኃዎን ያጠጡ» አለ ጥድፊያ።

«አጠጥቻለሁ። አሁን አንተን ላቀዘቅዝህ ነው። ኪዩቦቹ እዚህ አላደሩም፤ ማሞቂያ ሥር ነው ያሳደርኳቸው።»

«የእትዬ ኪዩብ ወድቆ አያውቅም!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ። ጆሮዬ ነደደ።

ምራቴ አልሳቀችም። «ስንት ሌሊት?»

«ሁለት።»

«ለምን?»

«በረዳቸዋ!»

እኔን አየች፣ ቢሙን አየች። ከዚያ ኮንክሪት ሲመቱበት ጥንካሬውን የሚገምት መዶሻዋን አምጥታ ከጫፍ እስከ ጫፍ መታችው። «ሃያ ስድስትም አይሞላም» አለች። ወደ ቆራጩ ዞራ «አጥፋው» አለችው።

«ክሬኑስ?» ጮኸ ጥድፊያ።

«ይመለስ።»

«ለመዘግየቱ ማን ይፈርማል?»

«እኔ።» ፀጉሯን ብትዳስስ እርሳስ ብቻ ነው፤ የፎርማኑን እስክሪብቶ ተቀብላ ፈረመች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኩት ጥድፊያን።

«ያሞቀችስ?» አለኝ። አፍ አለው ለካ።

ስድቤን ጠበቅኩ፤ በእሷ ቦታ ብሆን አልምርም ነበር። እሷ ግን «ሌላ ኪዩብ የለንም፤ የምንጠይቀው ራሱን ቢሙን ነው። ያንን ሁሉ ሙቀት ለእሱ ይስጡልኝ» ብላ ሄደች። ግቢው ውስጥ ያለውን ጆንያና ሸራ ሁሉ ለቅሜ አለበስኩት። የራሴንም ብርድ ልብስ ጨመርኩ። እሷ ጠዋት ማታ በመዶሻዋ እየመታች ትጽፋለች። ቁጥሩ ከሞላ በኋላ እንኳ መዶሻ እንደ ኪዩብ አይታመንም ብላ ሁለት ቀን ጨመረች። ጥድፊያ በነዚያ ቀናት ሰላምታ አቋርጦኝ ነበር፤ አረፍኩ።

ሲቆረጥ ገመዶቹ ጓ፣ ጓ አሉ። ቢሙም ወገቡን ቀስ ብሎ አነሳ። ምራቴ በሁለቱም ጫፍ ተንበርክካ በባትሪ አየች፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አጣች። አርባ ሁለት ሚሊሜትር ይነሳል ብላ ጽፋ ነበር፤ ሲለካ አርባ ሆነ። ጥድፊያ ወረቀቱን አይቶ ስለ ሌላ መሐንዲስ ምንም ሳይል «የሚቀጥለው መቼ ይሞላል?» ብሏት ሄደ።

«ሁለቱን ሚሊ የት ጣልሻቸው?» አልኳት።

«ማሞቂያው ሥር ይፈልጓቸው፣ እማማ።»

የሚቀጥለው ቢም የተሞላ ዕለት ብርዱ ብሶ ነበር። ኪዩቦቹን ቢሙ ጎን ደርድሬ ልወጣ ስል ጥበቃው «እትዬ፣ ማሞቂያው በርቷል፤ አያስገቧቸውም?» አለኝ።

«ይብረዳቸው» አልኩት።