የሚካኤል ዕለት መጋዝ

«አስቀምጪው! መጋዙን አስቀምጪው ብያለሁ!»

መምሬ ኪዳነ ወልድ መቋሚያቸውን አስቀድመው ወደ እንጨት ሥራ ክፍሉ ገቡ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ብርነሽ ሳንቃውን ገና መገዝገዝ መጀመሯ ነበር።

«ዛሬ ሚካኤል መሆኑ ጠፋችሁ? ገብሱ ገና ማሳ ላይ ነው። በረዶ ቢያወርድብን ማን ሊጠየቅ ነው?»

ርእሰ መምህሩ ይሥሐቅ እየሮጠ ደረሰ። ጥፋቱ የራሱ ነበር። የክፍሉን መሣሪያ የለገሰው ድርጅት ሰዎች ከደብረ ብርሃን ደውለው «ለግምገማ እንመጣለን» ሲሉት ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበርና ሳያመሳክር እሺ ብሎ ቁጭ አለ። ጥቅምት ዐሥራ ሁለት መሆኑን ሚስቱ ስትነግረው ገምጋሚዋ መንገድ ጀምራለች። የለጋሹ ድርጅት ድጋፍ ለሁለተኛ ዓመት ካልቀጠለ ደግሞ ክፍሉ ይዘጋል፤ ልጆቹም አናጢነትን ከሰሌዳ ላይ ሊገለብጡ ነው።

«መምሬ፣ ይኼ እኮ ሥራ አይደለም፤ ትምህርት ነው። በሚካኤል ዕለት ዳዊት የሚደግም ተማሪ ኃጢአት አለበት?»

መምሬ ጢማቸውን ዳበሱ። «ትምህርት ከሆነስ ይሁን። ግን እዚሁ ሆኜ አያለሁ» ብለው ተማሪዎቹ በሠሩት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ሲጥ አለ፤ ግን ቻላቸው።

ወዲያው መኪና ግቢ ገባ። ገምጋሚዋ ህሊና የመንገዱን አቧራ አራግፋ ገባችና ክፍሉን ቃኘች። ፊቷ አልተፈታም።

«አቶ ይሥሐቅ፣ በግልጽ ልንገርዎት። መሣሪያውን ለእንግዳ ብቻ የሚያወጡ ትምህርት ቤቶች አጋጥመውኛል። ድጋፉ ለሥራ ነው። ትምህርት ብቻ ከሆነ ጠመኔ ይበቃል። ልጆቹ የምር ይሠራሉ?»

«ይሠራሉ እንጂ! ሥራ ነው፣ የምር ሥራ!»

«ምን አልክ?» አሉ መምሬ ከተቀመጡበት።

«ትምህርት ነው፣ መምሬ!»

«ትምህርት?» አለች ህሊና።

«ሥራ… ማለቴ…»

በዚያ ብርድ የይሥሐቅን ግንባር ላብ አጠመቀው። «ሁለት ባላ ትከል» ያሉት አበው ሁለቱም ባላ አንድ ላይ ሲሰበር ምን እንደሚደረግ አልነገሩም።

«ቲቸር፣ ልገዝግዝ ወይስ ላስቀምጥ?» አለች ብርነሽ።

በመስኮቱ በኩል የወላጆቿ ገብስ አሽቶ አንገቱን ደፍቶ ይታያል። የበረዶውን ነገር ይመን አይመን ይሥሐቅ ራሱ አያውቅም፤ እናቷ ግን ታምናለች። ልጅቷን በበዓል አስገዝግዞ ወደ እናቷ መላክ አሳፈረው። መዋሸቱም ሰለቸው።

«አስቀምጪው» አላትና ወደ ህሊና ዞረ። «ሥራ ነው። ሥራ ስለሆነም ዛሬ አንሠራም። በአገራችን የሚካኤል ዕለት አይሠራም፤ መምሬን በትምህርት ስም ላታልላቸው ነበር። እንግዲህ የፈለጉትን ይጻፉ።»

ህሊና መምሬን አየቻቸው። «አባቴ፣ በበዓል ቀን ትምህርት ከልክለው ያውቃሉ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ፊደልና ቁጥር ማን ይከለክላል? ይቺ ልጅ ግን የደጀ ሰላማችንን በር የሠራች ናት። መጋዝ ከያዘች ትሠራለቻ!»

ህሊና ሳቋ አመለጣት። «እንግዲያው ነገ ሲሠሩ አያለሁ። ነገ ልገመግማቸው የነበሩት የዓለም ከተማ ትምህርት ቤቶች ይጠብቁኛል። በቅርብ የማድርበት አልጋ ይገኛል?»

«ሞልቷል!» አለ ይሥሐቅ። ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። ነገ ዐሥራ ሦስት ነው፤ እግዚአብሔር አብ። ቀስ ብሎ መምሬን ሰረቅ አድርጎ አያቸው።

መምሬም ገብቷቸዋል። መጀመሪያ ብርነሽን፣ ከዚያ በመስኮቱ ገብሱን አዩ።

«የእኛ ደብር ሚካኤል ነው» አሉ በመጨረሻ። «አብ ደግሞ አባት ነው፤ የልጆቹን ነገር ያውቃል። በጧት ይጀምሩ።»