ሁለት ጠራቢ ለአንድ ግንድ

ማናለብሽ ባሏ ከሞተ በኋላ የያዘችው ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ሳር ቤቱን አፍርሳ ቆርቆሮ ቤት መሥራት። ዘመኑ ሁለት ሺህ ስድስት ነው። በእኛ አገር፣ ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ ማሳውን በከሰል ግራር የሞላበት ጊዜ ነበር። ግራሩ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይከስላል። ጣሪያ ግን አይሸከምም። ባሕር ዛፍም ቢሆን በአንድ ክረምት እንደ ቀስት ይጎብጣል። ደህና አግዳሚ የሚወጣው ከጽድ ነው። ማናለብሽ በጓሮዋ አንድ ጽድ ነበራት፤ አማቷ የተከሉት። በሰፈሩ ሌላ አልነበረም።

«ይህን ካስቆረጥሁ ሌላ የለኝም» አለችኝ። «እንግዲህ እንየውና ገበየሁ ይጥረቡልኝ።»

«አይነጋገሩም እኮ» አልኋት።

«አያ ደሴ፣ እኔ የምፈልገው እጃቸውን ነው። አፋቸውን ምን ላደርገው?»

ጎረቤቷ ነኝ። ክርክር አልወድም። ተውሁት።

እንየው ግራኝ ነው፤ ገበየሁ በቀኙ ይሠራል። አንዱ ከግንዱ ወዲያ፣ ሌላው ወዲህ ሆነው ጎን ለጎን ሲጠርቡ መጥረቢያቸው አይነካካም ነበር። አንድ ሰው አራት እጅ አውጥቶ የሚሠራ ይመስል ነበር። በኋላ ጥሊሊ ላይ የአብዱልሀፊዝን ሱቅ አግዳሚ ጠርበው ሲሰቅሉ፣ ገበየሁ በሰው ፊት «የእንየው ጎን ሆድ አለው፤ ቀጥ አላለም» አለ። እንየው መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። ምሳም አልበላ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ፋሲካ አልፏል። ቀብር ላይ እንኳ አንዱ ከሬሳው ራስጌ ከቆመ ሌላው ግርጌ ይሄዳል።

ማናለብሽ ደቦውን ለቅዳሜ ጠራች። ጠላውን ጠነሰሰች። የተጠነሰሰ ጠላ ቀጠሮ አያስለውጥም። ዝናቡም እያጉረመረመ ነው። አሮጌው ቤት ፈርሷል፤ የአዲሱ ግድግዳ ቆሞ አግዳሚውን ይጠብቃል፤ እሷ ማድ ቤት ከላሟ ጋር ነው የምታድረው።

ሁለቱም እሺ አሉ። ግን እንየው «ጠዋት እመጣለሁ» አለ፤ ገበየሁ ደግሞ «ከሰዓት።»

ጽዱ ተቆርጦ በሁለት ጉማጆች ላይ ተጋደመ። እንዳይንከባለል በየጎኑ ሽብልቅ ተወሸቀለት። የሥራው ደንብ እንዲህ ነው፤ ሁለቱ ጠራቢዎች በየጎናቸው ይቆማሉ፣ አንዱ «በል!» ይላል፣ ሁለቱም ሽብልቃቸውን እኩል ይመታሉ። ግንዱ ሳይዛነፍ ይያዛል። ከዚያ በከሰል የተነከረ ገመድ ወጥረው መስመር ያወርዳሉ፣ በቱንቢ ያያሉ፣ ይጠርባሉ።

እንየው ብቻውን መጣ። «በል» የሚለው ሰው የለም። የራሱን ሽብልቅ መታ፣ መስመሩን አወረደ፣ እስከ ምሳ ጠረበ። ሥራው ጥሩ ነበር። ገበየሁ ከሰዓት መጣ። የራሱን ሽብልቅ መታ፣ ጠረበ። የእሱም ጥሩ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እንየው ሽብልቁን መትቶ ቱንቢውን አንጠለጠለና ፊቱ ጠቆረ።

«ደሴ፣ ያ ሰውዬ ጎኔን ነክቶታል። ዘሟል። ይህን ንገርልኝ።»

ጎኑን እንደገና ጠረበው። ከሰዓት ለገበየሁ ነገርሁት። ገበየሁ ሽብልቁን መታ፣ የራሱን ቱንቢ አየ፣ እሱም ጠቆረ።

«የዘመመው የእኔ ጎን ነው! ዓይኑን ያስመርምር በልልኝ።»

ጠረበ።

ነገርሁ። መልስ ተቀበልሁ። መልሱን ነገርሁ። ማናለብሽ በአጠገቤ ስታልፍ «አያ ደሴ፣ እርስዎም ኔትወርክ ሆኑ» አለች። «እሱም የሚቆራረጥ።»

ሐሙስ ጠዋት ቆሎ ይዛ መጣችና ግንዱ ፊት ቆመች። ጥራቢው ተከምሮ ከግንዱ በልጧል። ግንዱን ዞረችው፤ በስንዝር ለካችው።

«ግንዴ ምን ነክቶት ነው? ታሟል?»

«ከስቷል» አልኋት።

ቆሎውን መሬት ላይ አስቀመጠች። እንየው መጥረቢያውን እየሳለ ነበር።

«አያ እንየው፣ እኔ ቤት ልሥራ አልሁ እንጂ መቋሚያ ጥረቡልኝ አልሁ?»

«ያንን ሰውዬ ጠይቂ። እኔ እሱ ያጣመመውን ነው የማቃና።»

«እሱም እንዲሁ ይላል!»

«እሱማ ምን የማይለው አለ!»

ማናለብሽ ቀሚሷን ሰብስባ ግንዱ ላይ እንደ በቅሎ ተቀመጠችበት።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔን ጥረቡ። እኔ እንኳ የሚቀነስ ነገር አለኝ።»

«ተነሽ እንጂ፣ ማናለብሽ።»

«አልነሣም።»

«እንግዲያ አጥብቀሽ ያዢ» አለና ሽብልቁን በመጥረቢያው ጀርባ መታው።

ማናለብሽ «ኧረ በሚካኤል!» ብላ ጮኸች። ልትወድቅ ስትል የእንየውን ቆብ ያዘች፤ ቆቡ በእጇ ቀረ።

«ምን ሆንሽ?»

«ተንከባለለ!»

«ምኑ?»

«ግንዱ ነዋ! ለዓይን አይታይም። መቀመጫዬ ግን አይቶታል።»

እንየው አላመነም። ቱንቢውን አንጠለጠለ። ጎኑ ዘሟል። «ይኸው! የእሱ ሥራ!» አለ። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አላለችም። ልጥረብ ቢላት የሚጠርብበት ቦታ የለውም። ቆሎዋን እየቆረጠመች ገበየሁን ጠበቀች። እንየውም ወደ ቤቱ የሄደ መስሎ ከአጥሩ ኋላ ተቀመጠ። እኔ አየሁት። እሱም ማየቴን አየ።

ገበየሁ መጣ። ሴትዮዋን ግንድ ላይ ሲያይ ምንም አልጠየቀ። ሰላምታ ሰጥቶ ሽብልቁን መታ። ማናለብሽ አሁን በወዲያኛው በኩል ልትወድቅ ደረሰች።

«ገባኝ!» አለች፤ ድምፅዋ እስከ ዘንገና ሐይቅ የሚሰማ ነበር። «የማንም ጎን አልዘመመም! ጠዋት እሱ ወዲያ ይገፋዋል፣ ከሰዓት እርስዎ ወዲህ ይመልሱታል! የእኔ ጽድ በሁለት ደንቆሮ መካከል አለቀ! አያ እንየው፣ ከዚያ አጥር ይውጡ! ቆብዎ እኔ ጋ ነው!»

እንየው ወጣ። ራሱን እያሻሸ።

በየጎናቸው አቆመቻቸው። ሽብልቁን እኩል መምታት ብቻ ነው የቀረው። መጥረቢያው ተነሣ። ማንም «በል» የሚል የለም። ቀድሞ የተናገረ፣ ዕርቅ የለመነ እሱ ነውና።

«ደሴ፣ ያ ሰውዬ በል ይበል በልልኝ» አለ ገበየሁ።

«ደሴ፣ እሱ ምላሱን አብዱልሀፊዝ ሱቅ ላይ ጨርሶታል ወይ በልልኝ» አለ እንየው።

መጥረቢያው ወደ ላይ እንደ ተነሣ ነው። የሁለቱም ክንድ ዛለ። እኔ መልእክት ለማድረስ አፌን ስከፍት ማናለብሽ «ዝም ይበሉ!» አለችኝና ራሷ ጮኸች፤

«በሉ!»

እኩል መቱ። ግንዱ ጸጥ አለ።

ከዚያ ወዲያ እስከ ዓርብ ማታ ከቦታዋ አልተነሣችም። ሲጠረብ ሽብልቁ ይላላል፤ በላላ ቁጥር «በሉ!» ትላለች። የደቦውን ዳቦ ጎረቤት ጋገረላት፤ የድንች ወጡንም ጎረቤት ሠራላት፤ ጨው በዛበት።

አግዳሚው አለቀ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀጥ ያለ እንጨት አላየሁም። እንደዚያ የቀጠነም አላየሁም።

ቅዳሜ የደቦው ሰው መጥቶ አየው። አንዳንዱ ሳቁን ዋጠ። «ብቻውን ጣሪያ አይችልም፤ መካከሉ ላይ ምሰሶ ይግባለት» ተባለ። ማናለብሽ ምሰሶ ያልፈለገችው ቤቷ ሰፊ እንዲሆንላት ነበር። ሰማዩን አየች። ደመናው ወርዷል። «ይግባ» አለች።

አግዳሚውን በሁለቱ ጫፍ ይዘው የሚያስቀምጡት ጠራቢዎቹ ናቸው፤ ደንቡ ነው። እንየው በአንደኛው ግድግዳ ላይ ወጣ፤ ገበየሁ በሌላው። ከታች ሰው በትከሻው አነሣላቸው። ጩኸቱ ሌላ ነው፤ ሁሉም ያዛል፣ የሚታዘዝ የለም። የእንየው ጫፍ ቦታውን ሲይዝ ጣቶቹም አብረው ገቡ። ወዲያኛው ጫፍ ትንሽ ብድግ ካላለ አይወጡም።

«ማናለብሽ!» አለ። ማናለብሽ ከአጥሩ ውጭ ጠላ ትቀዳለች።

ወደ ታች አየኝ። «ደሴ! ንገረው!»

ሰምቻለሁ። ደመናውን አየሁ።

«ደሴ!»

ደመናው ከዳንግላ በኩል ነበር የሚመጣው።

እንየው ዓይኑን ጨፈነ።

«ገበየሁ! አንሣ!»

ደቦው በሙሉ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ገበየሁ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ማን ነው የጠራኝ?»

«እኔ ነኝ!»

«እኔ ማን?»

«እንየው!»

«የቱ እንየው?»

«ጣቱ የተያዘው! አንሣ፣ አንተ ጨካኝ!»

ገበየሁ አነሣ። ለማንሣት እንኳ ሳቁ ጉልበት አሳጥቶት ነበር። እንየው ጣቱን እየነፋ የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ አወረደበት፤ በቀጥታ፣ በእኔ በኩል ሳይሆን። ገበየሁም መለሰለት። ቆርቆሮው ተመትቶ እስኪያልቅ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ተሰዳደቡ። ዝናቡ ማታ ሲመጣ ማናለብሽ ከነላሟ ከቆርቆሮው ሥር ነበረች።

ቤቱ ይኸው ቆሟል። ምሰሶው ከበሩ ፊት ለፊት ነውና ከብርሃን የሚገባ እንግዳ ሁሉ ግንባሩን ይመታዋል። ማናለብሽ ስም አውጥታለታለች፤ «ኩርፊያ» ትለዋለች። «እዚያ ኩርፊያ ላይ ኮትዎን ይስቀሉ» ትላለች። እንየውና ገበየሁ ሲመጡ አንዱን ወዲህ፣ ሌላውን ወዲያ ታስቀምጣቸዋለች። ምሰሶው ስለሚጋርዳቸው አንገታቸውን እያሰገጉ ይከራከራሉ፤ መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው እያሉ።

እንየው እስከ ዛሬ አላመነም። «እኔ አልተናገርሁም» ይላል። «የተናገረው ጣቴ ነው።»