ይፍቀዱ፣ ይከልክሉ

የሟቹ ስልክ በሚስቱ ጭን ላይ በራ።

በግድግዳው ዙሪያ የተደረደሩት ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቋረጡ። ሰውየው የተቀበረው ትናንት ነው፤ ዛሬ የሚፈልገው ይኖራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ሴትየዋ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዐይኗ አውርዳ አነበበች። ልጅዎ የሁለት ሰዓት ኢንተርኔት ጠይቃለች ይላል። ከሥሩ ሁለት ሳጥኖች ነበሩ፤ አንዱ ይፍቀዱ፣ ሌላው ይከልክሉ።

«ከማን ነው?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው በሹክሹክታ።

«ከወዲያኛው ክፍል።»

ቀና ስትል ልጇ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የአባቷን ሹራብ ለብሳ እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል፤ ከእጅጌው ጫፍ ብቅ ያለው ስልኳ ብቻ ነው።

«ዛሬ?» አለቻት።

«ዛሬ እማ። አሥር ሰዓት ላይ።»

«በለቅሶ ቤት!» አለ የሴትየዋ ታላቅ ወንድም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ ነበር። ፊሽካው ከአንገቱ ከወረደ ዓመታት ቢያልፉም ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም አልወረደለትም፤ ዛሬም ፊሽካ ይሉታል። «አምጪው እስቲ ያንን ስልክ። አንዴ ጥርቅም ማድረግ ነው። ከእንግዲህ ማን ሊቆጣጠራት ነው?»

«ቆይ ጋሼ።»

ሴትየዋ ራሷ ከወንድሟ የላላች አልነበረችም። መነጽር ቤት ትሠራለች። ዐይናቸው የቀላ፣ የግድግዳውን ፊደል አጨንቁረው የሚያነቡ ልጆች በየቀኑ ፊቷ ይቀመጣሉ። ለልጇ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ እንዲፈቀድ የጠየቀችው ለዚህ ነው። ባሏ ግን መኪና መንዳት አስተማሪ ነበር፤ ከአስተማሪው እግር ሥር ሌላ ፍሬን ባለው መኪና ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው። «ፍሬኑ በእኔ በኩል ይሁን» አለና መቆጣጠሪያውን በራሱ ስልክ ላይ ጫነው።

«ስንት ሰዓት ትፈቅድላታለህ?» ብትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «እንደ መንገዱ።»

መልሱ ያናድዳት ነበር። ቢሆንም አመሻሽ ላይ ልጅቱን ይዞ ግቢ ውስጥ ወደ ቆመችው መኪና ሲወጣ ልቧ ይረጋል። በመስኮቱ ትሰማቸዋለች። «ቀስ! ምልክቱን አንብቢ እንጂ! ወደ ግራ… አይ፣ ተመለሺ፣ ተመለሺ!» ቢያንስ ከስልክ ተገላገለች፣ ሙያ እየተማረች ነው ትላለች። ሞተሩ ተነስቶ አያውቅም። ነዳጅ የሚቆጥብ መስሏት ነበር።

«ለምን ፈለግሽው?» አለቻት አሁን።

«ፍጻሜ ነው።»

«የምን ፍጻሜ?»

ልጅቱ አጎቷን አየች፤ ከዚያ እናቷን። «የእኔና የአባዬ።»

ከዚያ አንዴ ጀመረችና ማቆም አልቻለችም። ጨዋታ ነው። ስልኩ ዓለም ላይ ካለ አንድ መንገድ ላይ ያወርድሻል፣ ስሙን አይነግርሽም፤ ዙሪያውን አይተሽ የት እንደሆንሽ ካርታው ላይ ምልክት ታደርጊያለሽ። ጥንድ ከጥንድ ነው ውድድሩ፤ የሁለቱም ግምት ይደመራል። እሷና አባቷ እስከ ፍጻሜ ደርሰዋል። አባቷ መስመሩን ሲያይ፣ የመብራት ምሰሶውን ሲያይ፣ የመኪናው መሪ በየት በኩል እንደሆነ ሲያይ አህጉሩን ይጠራል። እግሩ ከአገሩ ወጥቶ አያውቅም፤ ግን አንዴ እኮ ከአንድ መንደር በር ላይ ነው ያረፍነው፣ ከበሩ ላይ እማ!

«መኪና እያስተማረሽ አልነበረም?»

«ፍሬኑ የቱ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት ባለ ታክሲ መሀረቧን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የሟቹ የድሮ ተማሪ ናት። ያለቀሰች የመሰላቸው ሊያጽናኗት ዘወር አሉ፤ እየሳቀች ነበር።

እናት አልሳቀችም። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንድ ሰዓት ብቻ ትያለሽ ብለን።»

«እሱስ ስንት ይልሽ ነበር?»

«የት እንደምገባ ከነገርኩት ይከፍትልኛል። ስወጣ ደግሞ ምን አየሽ ይለኛል። አንዴ ዋሸሁትና ሳምንት ሙሉ ዘጋብኝ።»

«ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው» አለ ፊሽካ፣ «ሰው ምን ይላል ግን? አባቷ ትናንት ተቀብሮ እሷ ዛሬ ጨዋታ!»

«ጋሼ ፊሽካ… ውይ፣ ይቅርታ ጋሼ» አለች ባለ ታክሲዋ። ሳቋ ከፊቷ ጠፍቷል። «እሱ የሞተ ቀን ትነዳ የነበረችው የእኔ ታናሽ ናት። አደባባዩን ስትጨርስ መኪናው በራሱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ከዳር ቆመ። ምን አጠፋሁ ብላ ልትጠይቀው ዞር አለች።» መሀረቧን አጣጠፈች። «እግሩ ፍሬኑ ላይ ነበር። እሷ አንድ ጭረት የላትም።»

ሚስቱ እንኳ ይህን አልሰማችም ነበር። የነገሯት ልቡ ቆመ ብለው ብቻ ነው።

ይፍቀዱ የሚለውን ነካች።

«ሁለት ሰው ያስፈልጋል ግን» አለች ልጅቱ በቀስታ። «ለአዘጋጆቹ ጽፌ ነግሬያቸዋለሁ። ከቤተሰብ አንድ ሰው ይተካ ብለዋል።»

«ማን?»

«የእሱን ስልክ የያዘው።»

አሥር ሰዓት ላይ እናትና ልጅ ሶፋው ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተቀመጡ። ተጋጣሚዎቻቸው ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ የት አገር እንዳሉ አይታወቅም። ስክሪኑ ላይ አውራ ጎዳና ተዘረጋ። ግራ ቀኙ እርሻ ነው። ጽሑፍ የለ፣ ሰው የለ።

«እንዴ፣ ይሄማ የትም ሊሆን ይችላል!»

«እርሻውን ተዪው እማ፣ መንገዱን እይ! መስመሩ ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ። አይ… ዳሩ ነጭ፣ መሀሉ ቢጫ!»

«መኪኖቹ በየት በኩል ነው የሚሄዱት?»

«መኪና የለም እኮ!»

«የቆመች አለች» አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ። ፊሽካ በእህቱ ትከሻ ላይ አጎንብሷል። «ያቻትና፣ ከዛፉ ሥር። መሪዋ በግራ ነው።» ሁሉም ዞረው አዩት። «ምን ታዩኛላችሁ? ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ንኩት እንጂ!»

ነኩት። መሩ።

በሁለተኛው ዙር ወንበሮች ወደ ሶፋው ተጎተቱ። በሦስተኛው ባለ ታክሲዋ «አፈሩን እዩ፣ አፈሩን!» ብላ ሻይ ደፋች፤ የሚጠርግ አልተገኘም። አዲስ ለቀስተኛ በሩን ከፍታ ሙሾ ልታወርድ አፏን ስትከፍት ፊሽካ እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቶ አስቆማት። «አንድ ጊዜ፣ እመቤቴ፣ እኩል ነን።»

የእናት ጉንጮች ቀልተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ደም በሰውነቷ ሲዞር የተሰማት ገና አሁን ነው። ይህን ነበር እንዴ በየማታው መኪና ውስጥ ተቀምጦ…

«እማ፣ የመጨረሻው!»

ጠባብ መንገድ። የባሕር ዳር። ጀልባዎች። ልጅቱ ጣቷን ወደ አንድ ደሴት ሰደደች፣ አመነታች፣ ነካች። «ያንቺን! ያንቺን! አምስት ሰከንድ!» ቤቱ በአንድ ድምፅ ጮኸ። የእናት ጣት ወረደ።

ውጤቱ ወጣ።

«እማ» አለች ልጅቱ። «ውቅያኖስ ውስጥ ከተትሽን እኮ!»

እውነትም የእናት ምልክት ከየትኛውም መሬት ርቆ በሰማያዊው መሀል ቆሟል። ተሸነፉ። «ይሄ አይቆጠርም! ዳኛው የት አለ?» ሲል ፊሽካ ጮኸ። ልጅቱ መሳቅ ጀመረች፤ ሆዷን ይዛ፣ እናቷ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። ከቀብሩ ወዲህ ስታለቅስ ማንም አላያትም ነበር። እናቷ ጭንቅላቷን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

ቆይቶ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳው ተመለሱ፤ ዝቅተኛው ወሬም ቀጠለ። ፊሽካ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሺ፣ ከነገ ጀምሮ ስንት ሰዓት ነው የምትፈቅጂላት?»

«ገና አላወቅሁም ጋሼ። እሷም እየነገረችኝ፣ እኔም እየጠየቅሁ እናያለን።»

ልጅቱ ጭኗ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። በስልኩ ላይ የውጤቱ ገጽ እንደተከፈተ ነው። ሁለት ትንንሽ ፎቶዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከልጅቱ ሥር ሹፌር፣ ከሰውየው ሥር ረዳት ተብሎ ተጽፏል። ስሞቹን ያወጣው እሱ መሆን አለበት።

ብርሃኑ እየደከመ መጣ። ሴትየዋ ስክሪኑ ከመጥፋቱ በፊት በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። በራ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ደከመ፤ እንደገና ነካችው።