የቲማቲም ስዋሂሊ

ስልኩ ሲጠራ ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች ጸጥ አሉ። ውባንቺ ጥቁር ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውልቃ ትራሱ ስር ወሸቀች፤ ፊቷንም ጠረግ ጠረግ አደረገች። ቪዲዮ ነው። እህቷ ወርቂቱ ከሆሳዕና፣ እንደ ልማዷ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ።

«ልጄ ደወለ?»

«ገና ነው። እዚያ ሲም ለማውጣት ወረቀት ይጠይቃሉ አሉ።»

«ዓይንሽ ምነው አበጠ?»

«ሽንኩርት ስከትፍ ነው።»

«የምስጋናውን በግ ገዝቻለሁ። ድምፁን የሰማሁ ቀን ነው የማርደው» አለች ወርቂቱ እየሳቀች።

ስልኩ ሲዘጋ ውባንቺ ነጠላዋን መልሳ ለበሰች። ውሸት አይሆንላትም ነበር፤ ሦስት ቀን ለቅሶ አስተማራት።

የወርቂቱ ልጅ አድነው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲያልፍ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ባለው ምግብ ቤቷ ሁለት ሳምንት ሰሃን አጥቧል። «እዚሁ ሁን» ብላ ለምናው ነበር። «የጓደኞቼ እናቶች ቤት ተሠራላቸው፤ የኔስ እናት?» አላት። ስዋሂሊውን ቶሎ ለቀመና፣ «አክስቴ፣ ያንቺ እኮ ከቲማቲም መግዣ አያልፍም» እያለ ይስቅባት ነበር።

እውነቱን ነው። አንድ ሰው ከታንዛኒያ ደውሎ በሚቆራረጥ መስመር በስዋሂሊ «አድነው አመፋሪኪ» ሲላት፣ እሷ የሰማችው «አመፊካ» ነበር፤ «ደረሰ» ማለት ነው። ታክሲ ስትጠራ በየቀኑ የምትሰማው ቃል ነው። «አሳንቴ፣ አሳንቴ ሳና» ብላ አመሰገነችው። ሰውየው ስልኩን ዘጋው። ወዲያው ሆሳዕና ደወለች፤ ወርቂቱ እልል አለች።

አራት ቀን ድምፁ ሲጠፋ፣ ናይሮቢ ያደገችው ልጇ ብሩክታዊት ሰውየው በደወለበት ቁጥር መልሳ ደወለች። ሰምታ ስትጨርስ ወደ እናቷ ዞረች።

«ማሚ፣ ደረሰ አይደለም ያለሽ። ሞተ ነው። ሎሪ ውስጥ ቆልፈውባቸው፣ አየር አጥሯቸው። ኦልሬዲ ቀብረዋቸዋል።»

መርዶ በስልክ አይነገርም። ወርቂቱ ደግሞ ደም ግፊት አለባት፤ ታላቅ ወንድማቸው ከሩቅ እስኪደርስ ተጠበቀ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ወርቂቱ ቤት ይገባሉ።

«ቢያንስ ጥቂት ቀን ደስ ብሏታል» አለች ጎረቤቷ ክብረት በሹክሹክታ።

«ከፍ አድርጌ ልጥላት ነው እንጂ» አለች ውባንቺ። ያንገበገባት ይኸው ነበር።

በማግስቱ ራሷን ሳትከናነብ፣ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። አንድ ሰዓት ሆነ። ስልኩ አልጠራም። አንድ ተኩል ሆነ። ብሩክታዊት አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

ውባንቺ ነጠላዋን ከትራሱ ስር አወጣችና ቀስ ብላ ተከናነበች።